አረንጓዴው የአራሶች ክፍል

በሕይወቴ የተሸለምኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የምስክር ወረቀት ነው፤ ዳር ዳሩ የቅጠል ሥዕል አለበት፣ ስሜ መሃል ላይ በትልቁ ተጽፏል። «ኃይል በመቆጠብ አርአያ ለሆነ ሕንፃ ባለሙያ የተሰጠ» ይላል። በሰጡኝ ሰዓት የእህቴ ጨቅላ ልጅ ከአንድ ግድግዳ ወዲያ ብርድ ላይ ነበረች። ወረቀቱን ልቅደደው እያልኩ ሳልቀደው ቀረሁ። ልብስ ሣጥኔ ውስጥ ከታች ነው ያለው፤ ሸሚዝ ባወጣሁ ቁጥር ጥጉ ይታየኛል።

ያደግኩት ሐይቅ ከተማ ነው። ኤሌክትሪክ ተምሬ ሥራ ያገኘሁት ግን አምባሰል፣ ደጋው ላይ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ነው። ከውጫሌ ተነስቶ መንገዱ እስኪያልቅ በባጃጅ ይኬዳል፣ ከዚያ ወዲያ ዳገቱን በእግር ነው። ሐይቅ ሰው በሸሚዝ በሚውልበት ቀን እዚያ ጋቢ ይደረባል። የድሮው ጤና ጣቢያ በጦርነቱ ጊዜ በርና መስኮቱ ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዶ ነበር። በእሱ ፋንታ አንድ ረጂ ድርጅት አዲስ ሠራ፤ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ፣ ጓሮው ላይ የባትሪ ክፍል፣ ከጎኑ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ያለው። አካባቢውን ሳይጎዳ፣ ከፀሐይ ባገኘው ብቻ እየተብቃቃ የሚኖር ሕንፃ እንዲሆን ነበር ሐሳቡ። እኔን የቀጠሩኝ ይህን ሐሳብ እንድጠብቅ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሐሳቡ አልሠራም። ካርድ ክፍሉ ማንም በሌለበት መብራት ሲበራበት ይውላል። የስብሰባ አዳራሹ ባዶውን ይሞቃል። ባትሪው ሌሊቱን መዝለቅ ያቅተውና የክትባቱ ፍሪጅ ይቆማል። አንድ ጊዜ ሙሉ ሣጥን ክትባት አውጥተን ጣልን፤ ከሩቅ ቀበሌ ልጆቻቸውን አዝለው የመጡ እናቶች እንዲሁ ተመለሱ። የአንዷ ፊት እስከ ዛሬ አይጠፋብኝም፤ አልተቆጣችም፣ ልጇን መልሳ አዝላ ዳገቱን ወረደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየክፍሉ እየዞርኩ መብራት ማጥፋት ጀመርኩ። ሠራተኛው «የመብራት ዘበኛ» የሚል ስም አወጣልኝ። ለስድብ ነበር ያሉት፤ እኔ ግን ኮራሁበት።

ሕንፃውን ያሠራው ድርጅት የላከው ኢንጂነር የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ ዳገቱን ሲወጣ ሦስት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ካርቶን ሙሉ ነጫጭ ሣጥኖች ይዞ ነበር፤ እያንዳንዷ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ተለቅ ትላለች። ሴንሰር ናቸው። ገመድ የላቸውም፤ ስለዚህ ግድግዳ መቆፈር፣ ሽቦ መጎተት ቀረ። በውስጣቸው ባለች ትንሽ ባትሪ ለዓመታት ይሠራሉ። አንዷ የታንከሩን ውሃ ትለካለች፤ በየክፍሉ የምትሰቀለዋ ደግሞ ሙቀቱን ትለካለች፣ ሰው ይኑር አይኑር ትለያለች። ያወቁትን በአየር ላይ ወደ አንድ ሣጥን ይልካሉ፤ እሱ ሰው የሌለበትን ክፍል መብራትና ማሞቂያ ራሱ ያጠፋል። እኔ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ሁሉንም በታብሌት አያለሁ። በታቀደለት ልክ የቆጠበ ክፍል አረንጓዴ ያሳያል፣ ያባከነ ቀይ።

ወር ሳይሞላ ፍሪጁ መቆሙን ተወ። በሴንሰሮቹ ላይ ክፉ መናገር አልፈልግም፤ ሰው ከንዴቱ የተነሳ እውነት መካድ የለበትም። ያኔ የተከተቡ ልጆች ዛሬ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሲሯሯጡ አያቸዋለሁ፤ አጥሩን ጥሰው ማጠራቀሚያው ላይ ሲወጡም እጮህባቸዋለሁ። የማላውቃቸውን ሰዎች ልጆች አትርፈውልኛል።

የወለዱ እናቶች የሚተኙበትን ክፍል ሁላችንም አራስ ቤት ነበር የምንለው። እዚያ ክፍል መብራቱ በእጅ የሚበራና የሚጠፋ ሆኖ ቀረ፤ ነርሷ፣ ሲስተር የምንላት፣ በሴት ምጥ መሃል መብራት እንዲጠፋባት አልፈለገችም። ሴንሰሯ የምታዘው ማሞቂያውን ብቻ ነበር። ለአንድ ሰዓት የሰው እንቅስቃሴ ካላገኘች ቤቱ ባዶ ነው ብላ ታጠፋዋለች። ማሞቂያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነጭ ሰሌዳ ነው፤ ሲሠራም አይጮህ፣ አይቀላ። ለመጣች እናት ሁሉ «እንዳትነኩት» የሚል ትእዛዝ በሲስተር በኩል አስተላልፌያለሁ። እኔ ወንድ ነኝ፣ አራስ ቤት አልገባም። የገባሁት ገና አልጋ ሳይገባበት፣ ሴንሰሯን ከበሩ በላይ ጥግ ላይ ስሰቅል ነው።

እናቴ በዚያ ሰሞን ከሐይቅ ልትጠይቀኝ መጣችና ሕንፃውን አዙሬ አሳየኋት። እንደ ባለቤት ነበር የማስጎበኛት። አራስ ቤቱ በር ላይ ቆመን፣ አንገቷን ወደ ውስጥ አስግጋ ከበሩ በላይ ያለችውን ነጯን ሣጥን አየች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሰው መኖሩን ያያል፣ እማ።»

«ሁሉን ያያል?»

«ሁሉን።»

«አራሷንም?»

«አራሷንም ልጇንም። ከእሱ የሚያመልጥ የለም» አልኳትና ሳቅኩ።

ሴንሰሯ የሰውን መልክ እንደማታይ አውቃለሁ። የምታውቀው የገላ ሙቀት ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ ወንድ ይሁን ሴት፣ አራስ ይሁን ሽማግሌ አትለይም። ግን ይህን ቢነግሯት እናት አትደነቅም፤ «ያያል» ቢሏት ትደነቃለች። እኔ ደግሞ እናቴ እንድትደነቅልኝ ፈልጌ ነበር። «ቢስሚላህ» ብላ ፊቷን አዞረችና ወጣች። ልጇ ይህን ሁሉ ማወቁ ገርሟት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ነገር አይለያይም፤ አራስና ጨቅላ ለዐይን አይሰጡም። የልጅ ፊት ይሸፈናል። ሰው ልጁን አይቶ ቆንጆ ነው ካለ ማሻአላህ ይላል፤ ካላለ እናቲቱ ቀኑን ሙሉ ትጨነቃለች። እኔም ታናሽ እህቴ ስትወለድ እንግዳ ሲመጣ ጨርቁን ፊቷ ላይ እንድመልስ ታዝዤ ያደግኩ ነኝ። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ተምሬ የተውኩትን ነገር ሌላውም የተወው መስሎኝ ነው።

እህቴ የተዳረችው እዚያው ደጋው ላይ፣ ከጤና ጣቢያው ብዙም ከማይርቅ መንደር ነው። ኅዳር ላይ፣ አጨዳው ሳያልቅ፣ አንድ ሐሙስ ማለዳ ባሏና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ አመጧት። ልጅቷ ከቀኗ ቀድማ ተወለደች። ሲስተር ስትወጣ እጇን በፎጣ እየጠረገች አጠገቤ ቆመች።

«ትንሽ ናት፣ ግን ደህና ትተነፍሳለች፣ ትጠባለችም። አምቡላንስ ጠርቻለሁ፣ ደሴ ትሂድ ብያለሁ። እስከዚያ የእሷ መድኃኒት ሙቀት ነው። ቤቱን አንተ አሙቅልኝ፣ ለሌላው እኔ አለሁ።»

«አብሽሪ ሲስተር» አልኳት። «ሕንፃው ራሱ ያውቃል።»

አምቡላንሱ ራቅ ያለ ቀበሌ ሄዶ ተበላሽቶ ነበር፤ ሲጠገን ይመጣል ተባልን። አዋላጇ ለሥልጠና ደሴ ወርዳ ስለነበር ሲስተር ብቻዋን ናት፤ ከአንድ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ስትሮጥ አራስ ቤት ብቅ ብላ ነው የምትመለሰው። እናቴ ተደውሎላት ከሰዓት በኋላ ከሐይቅ ደረሰች፤ ዳገቱን እንዴት እንደወጣችው አላህ ይወቅ፣ ጉልበቷ ያማታል። በሩ ላይ ሰላም አለችኝና መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ከዚያ በኋላ ውስጥ ያደረገችውን አላየሁም። እኔ ያየሁት ታብሌቴን ነው፤ አራስ ቤቱ አረንጓዴ ነበር። ክፍሉን በጣቴ ብነካው ሙቀቱ ስንት እንደሆነና ሰው ይኑርበት አይኑርበት ይነግረኝ ነበር። አልነካሁትም። አረንጓዴ ካለ አለቀ ብዬ ነው።

በማግስቱ ዓርብ እንግዶች የሚመጡበት ቀን ነበር። ድርጅቱ ያሠራቸውን ሕንፃዎች እያወዳደረ ሊሸልም ነው ተብሎ ኢንጂነሩ አስቀድሞ ነግሮኛል። ማለዳ ግቢውን ሳስጠርግ፣ የፀሐይ ሰሌዳውን አቧራ ሳስወለውል ከአራስ ቤቱ መጋረጃ ውስጥ እህቴ ጠራችኝ።

«ወንድም ዓለም፣ ቤቱ በረደን እኮ።»

ቢሮዬ ገብቼ ታብሌቱን አየሁና ተመልሼ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አይቼዋለሁ፣ አረንጓዴ ነው። ምንም ችግር የለበትም። በሩን እየከፈታችሁ ነው ብርዱ የሚገባው።»

እናቴ በመጋረጃው ሥር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ያ ነጩ ማሞቂያ እጄን ባስጠጋው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል» አለችኝ።

«እንዳትነኩት ብዬ አልነበር፣ እማ?»

እኔ የለበስኩትን ጋቢ አውልቄ በመጋረጃው ጠርዝ አቀበልኳቸውና ወደ መጥረጊያው ተመለስኩ። ተቆጥቼ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያስቆጣኝ ብርዱ አይደለም፤ እንግዳ በሚመጣበት ቀን ሕንፃዬን ማማታቸው ነው።

እንግዶቹ ከጁምዓ ሰላት በፊት ደረሱ። ኢንጂነሩ ታብሌቴን ይዞ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ፣ ሲስተርም ሕመምተኞቿ በየመሃሉ እየጠሯት ከእነሱ ጋር። ካርድ ክፍል፣ መድኃኒት ቤት፣ ፍሪጁ፣ የባትሪው ክፍል። መጨረሻ ላይ አራስ ቤቱ በር ላይ ቆምን። ማክበራቸው ነው፣ አልገቡም።

«ከሁሉም ክፍሎች የበለጠ የቆጠበው ይህ ነው» አለ ኢንጂነሩ። «በሌሎቹ ሕንፃዎቻችን እንዲህ ያለ አራስ ክፍል አላየሁም። በሁለት ቀን ውስጥ ማሞቂያው ምንም ያህል አልፈጀም።»

ከውስጥ ልጅቷ አለቀሰች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፣ ቶሎም አቆመች። ከእንግዶቹ አንዷ ፈገግ ብላ፣ «እንዴት ደስ የምትል ጤነኛ ልጅ ናት» አለች። የተቀሩትም ድንቅ ነው፣ ግሩም ነው ተባባሉ፣ አጨበጨቡ። ወረቀቱን የሰጡኝ እዚያው በሩ ላይ ነው። ማሻአላህ ያለ ማንም አልነበረም። እኔም አላልኩም።

አሁን ሳስበው ኢንጂነሩ የተናገረው ነገር ሁሉ ፊት ለፊት ነበር። ማሞቂያው አልፈጀም ማለት አልሠራም ማለት ነው። መንደር ውስጥ ያለ ማንም ያልተማረ ሰው፣ በኅዳር ብርድ እንጨቱ ካላለቀ እሳቱ አልነደደም ማለት እንደሆነ ያውቃል። እኔ ግን እጄ ላይ ወረቀት ነበረ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሲስተር ቢሮዬ በር ላይ መጣች። ፊቷ ተለዋውጧል።

«ልጅቷ መጥባት ትታለች። ሰውነቷ ቀዝቅዟል። ማሞቂያህ አይሠራም፣ ና።»

ያኔ ነው ክፍሉን በጣቴ የነካሁት። ሙቀት፣ አሥራ አንድ። ከሥሩ፣ ሰው የለም። ሰው የለም ያለው ከሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ነበር። ሦስት ነፍስ ያለበትን ቤት ባዶ ነው ብሎ፣ ባዶ ቤት ቢቀዘቅዝ ጥፋት የለበትምና አረንጓዴ አድርጎታል።

እናቴ እህቴን በነጠላ ጋረደቻትና ግባ አለችኝ። ቀና ብዬ ከበሩ በላይ አየሁ። ሴንሰሯ የለችም፤ በቦታዋ የእናቴ ሻሽ ነው ያለው፣ ጥቁሩ፣ ቀያይ አበባ ያለበት። አጣጥፋ ሸፍናት፣ ራሷ ላይ በምታስርበት አስተሳሰር ከሥር ቋጥራዋለች። በርጩማ ላይ ቆማ ነው የሚሆነው፣ በዚያ ጉልበቷ።

እጄን ዘረጋሁ።

«ተው፣ አትግለጠው» አለችኝ።

ገለጥኩት። ትንሿ መብራት ብልጭ አለች፣ ማሞቂያው ጠቅ ብሎ ሥራ ጀመረ። ዘወር ብዬ፣ «እማ፣ ይሄ ጨርቅ እኮ ነው...» ብዬ ጀመርኩ። እናቴ አልሰማችኝም። መዳፏን በልጅቷ ፊትና በሴንሰሯ መካከል ዘርግታ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ዱዓ ታደርጋለች። የጀመርኩትን አልጨረስኩም።

የብሎኬት ግድግዳ አንዴ ከቀዘቀዘ ቶሎ አይሞቅም። ሲስተር ልጅቷን እህቴ ደረት ላይ ለጥፋ፣ በላይዋ ያገኘችውን ሁሉ ደርባ፣ ውሃ አሙቃ በጠርሙስ አድርጋ የቻለችውን ሞከረች። እኔ ግቢው ውስጥ ቆሜ አምቡላንስ እደውላለሁ። ከቀትሩ የዙህር ሰላት በፊት የእህቴን ድምፅ ሰማሁ። ረጅም አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ነው የጮኸችው።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሰላት በፊት ቀበርናት። ቃሬዛ አላስፈለጋትም፤ አባቷ በክንዱ ታቅፏት ሄደ። ሰባት ቀን ስላልሞላት ስም አልወጣላትም ነበር። መቃብሩን ስንቆፍር አንድ ሽማግሌ ለማን ነው ብለው ጠየቁኝና የእህቴ ልጅ ናት አልኳቸው። አምቡላንሱ ስንመለስ ግቢው ውስጥ ቆሞ አገኘነው።

እሑድ አራስ ቤቱ ባዶ ስለነበር ገብቼ ሴንሰሯን ከግድግዳው አወረድኳት። በጀርባዋ በኩል፣ ማቀፊያዋ ላይ ክር ተጠምጥሞባታል። አንድ ክር ብቻ አይደለም፤ ነጭ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ የነጠላ ጥለት የሚመስል ብጣሽ አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?» አልኳት።

«እናቶቹ ናቸዋ። ሁሉም ይሸፍኑታል። ሲሄዱ ይፈቱታል፣ ጨርቁ የራሳቸው አይደል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን? አንተው አይደለህ ሁሉን ያያል ያልከው? እናትህን ስታስጎበኝ እኔም እዚሁ ነበርኩ። እኔ ነኝ ለእናቶቹ የነገርኩ፣ እንዲጠነቀቁ።»

ያን ሁሉ ጊዜ የእኔ ምርጥ ክፍል ምርጥ የሆነው የገባችው እናት ሁሉ ልጇን ስለደበቀችበት ነው። ከእህቴ በፊት የወለዱት በሞቃቱ ወራት ነበሩ፤ ልጆቻቸውም በቀናቸው የተወለዱ፣ ደህና ደህናዎች። ቤቱ ቢበርድም አድረው ሄደዋል። እኔ ደግሞ በየወሩ ሪፖርቴ ላይ አራስ ቤቱን በምሳሌነት ሳቀርብ ከርሜያለሁ።

የዚያኑ ቀን የአራስ ቤቱን ማሞቂያ ከሴንሰር ነጥዬ በእጅ የሚበራ አደረግኩት። ማንንም አላስፈቀድኩም። ክፍሉ ቀይ ሆነ፤ ሳምንቱን ሙሉ፣ ከዚያም ወሩን ሙሉ ቀይ ሆኖ ቀረ። ኢንጂነሩ ደወለልኝ።

«ያ ምርጥ ክፍልህ ምን ሆኖ ነው?»

«ሰው አለበት» አልኩት።

«ድሮም እኮ ሰው ነበረበት።»

«አዎ፣ ነበረበት።»

«እሺ፣ ልጻፈው» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ሌሎቹ ክፍሎች ግን እስከ ዛሬ በሴንሰር ነው የሚሠሩት፤ ፍሪጁም አይቆምም። አሁን ለሚመጡ እናቶች ሲስተር ቆማ፣ አያይም፣ ሙቀት ነው የሚያውቀው እያለች ታስረዳለች። አሁንም የሚሸፍኑ አሉ። ይሸፍኑ፣ ማሞቂያው ከእንግዲህ የሚሰማው የሰው እጅን ነው።

ከቀብሩ በኋላ እናቴ አላናገረችኝም ማለት አይቻልም። ብላ ትለኛለች፣ ልበስ ትለኛለች። ግን ዐይኔን አታይም። አጎቴ ነው ምክንያቱን የነገረኝ። እናቴ «እንግዶቹ ልጅቷን ያለ ማሻአላህ አመሰገኑብኝ፣ በማግስቱ ደግሞ የገዛ ልጄ ሻሹን ገልጦ ለዐይን ሰጠብኝ፣ በገለጠ በሰዓቱ ልጅቷ ሄደች» ብላዋለች። ነገሩን በተራ በተራ ካስቀመጡት እሷ እንዳለችው ነው። ተሸፍኖ ሳለ ልጅቷ በሕይወት ነበረች፣ ሲገለጥ ሞተች።

አንድ ሰሞን ልነግራት ቆርጬ ነበር። ያበረዳት ሻሽሽ ነው ልላት። እውነት ነው እኮ፣ ታብሌቱ ላይ ሰዓቱ ሳይቀር ተመዝግቧል። ለዚህ ብዬ ውጫሌ ድረስ ወርጄ ወደ ሐይቅ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ አውቃለሁ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» የሚለው ተረት ትዝ አለኝና ወረድኩ። በረደን ብለውኛል። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል ብለውኛል። እጄን በመጋረጃው አስገብቼ አየሩን መዳሰስ እችል ነበር፤ ጋቢውን ሳቀብል እንኳ እጄ ውስጥ ገብቶ ነበር። ብርዱ እጄን ነክቶታል፣ እኔ ግን ታብሌቱን ነው ያመንኩት።

ክረምቱ ገብቶ ለአረፋ ሐይቅ ሄድኩ። በበዓሉ ማግስት ጠዋት እናቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ ሐይቁ ከታች ጉም ለብሶ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያንኑ ጥቁር ሻሽ ነበር ያሰረችው። ሰፌዱን እያራገበች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትዋሸኝ። ያን ቀን ሻሹን ባትገልጠው ልጅቷ ትተርፍ ነበር?»

ምስሩን አየሁ። የለቀመችውን ጠጠር በአንድ በኩል ሰብስባዋለች። የሰባ ዓመት ሴት ናት። በየምሽቱ ስለዚያች ልጅ ዱዓ ታደርጋለች፤ ያለ ጥፋቷ የሄደች ስለሆነች ጀነት ውስጥ ትጠብቀኛለች ትላለች። ያን ጨርቅ እዚያ ያሰረችው እጅ ይኸው ምስር ይለቅማል።

«ትተርፍ ነበር፣ እማ» አልኳት።

እጇ ቆመ። ሰፌዱን ከጭኗ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«በል እንግዲህ፣ አውፍ ብዬሃለሁ» አለችኝ። «አላህም አውፍ ይበልህ። ሳታውቅ ነው ያደረግኸው።» ከዚያ ዐይኔን አየችኝ፣ ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፤ ምሳም አቅርባልኝ በላሁ።

ይቅር ያለችኝ ባላጠፋሁት ነው። እህቴ ጋቢዬን በዚያው ሰሞን አጥባ፣ አጣጥፋ በባሏ በኩል ልካልኛለች፤ ከእሱ ሌላ የላከችው ቃል የለም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ይህን ሁሉ ደፍሬ የጻፍኩት እሱን ተማምኜ ነው። እህቴ ግን ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፣ ታነባለች። ቤቱ በረደን ብላ የጠራችኝ እሷ ናት፤ ምን ብዬ እንደመለስኩላት ታስታውሳለች።